ፎቶን ሰሌዳ ላይ በሳልነው መስመር እየተጥመዘመዘ አይሄድም

ጥያቄውን የላኩት ደሴ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። እንዲህ ይላል፦

«ሰሌዳ ላይ የብርሃን ሞገድ ስዬ ሳስረዳ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና ‹ፎቶኑ በዚህ መስመር ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ ነው የሚሄደው?› አለችኝ። አዎ ልበል አይደለም ልበል ግራ ገባኝ። ሌላው ተቀበላትና ‹አንድ ፎቶን በሁለት ቀዳዳ ያልፋል ካልን ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው?› አለ። ብርሃን ሞገድም ቅንጣትም ነው ብዬ ወደ ሌላ ርዕስ አለፍኩ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልተዋጠልኝም። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ላብራቶሪያችን ደግሞ ላብራቶሪ የሚባለው በስሙ ብቻ ነው።»

መምህር፣ አብሽሩ። እንዲህ የሚጠይቅ ክፍል ያለው አስተማሪ ታድሏል። እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ ከሌዘርና ከሌንስ ጋር ነው የምውለው። ዩኒቨርሲቲ ገብተውም ያንን መስመር የፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ትንሿ ድርሻ፣ መንገድ አድርገው የሚያስቡ ተማሪዎች ሞልተዋል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ለልጅቷ መልሱ «አይደለም» ነው። መስመሩ መንገድ አይደለም፤ ግራፍ ነው። አግድሙ ቦታን ያሳያል፤ መለኪያው ሜትር ነው። ቁሙ ግን ቦታን አያሳይም። የኤሌክትሪክ መስክን ጥንካሬ ነው የሚያሳየው፤ መለኪያውም ቮልት በሜትር ነው። መስመሩ ከፍ ያለበት ቦታ መስኩ ወደ አንድ አቅጣጫ በርትቷል ማለት ነው። ዜሮን ሲነካ በዚያ ቦታ በዚያች ቅጽበት መስክ የለም። ከዜሮ በታች ሲወርድ አቅጣጫው ተገልብጧል። ወደ ላይ ወደ ታች የሚለው ቁጥር እንጂ የሚጓዝ ዕቃ አይደለም። ብርሃኑ ራሱ ከሌዘሩ አፍ እስከ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

ችግሩ የሚመጣው ሞገዱን ስንስል የቁሙን መስመር ስም ስለማንሰጠው ነው። ስም የሌለው መስመር ሲያይ ተማሪው ቁመት ነው ብሎ ያስባል፤ አይፈረድበትም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቁሙ ላይ «የኤሌክትሪክ መስክ፣ ቮልት በሜትር» ብለው ይጻፉበት። የጥያቄው ግማሽ በዚህ ብቻ ይቃለላል።

«ታዲያ የሚወዛወዘው ምንድን ነው?» የሚል ወዲያው ይነሳል። የውሃ ሞገድ ሲባል ውሃው ይወዛወዛል፤ ድምፅ ሲሆን አየሩ። ብርሃንስ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሊቃውንትም ይህንኑ ነበር የሚጠይቁት። ጠፈርን ሁሉ የሞላ ኤተር የሚባል ነገር መኖር አለበት ብለው ነበር። ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 መሬት በኤተር ውስጥ ስትጓዝ የሚፈጠረውን ልዩነት ለመለካት ሞከሩ፤ የጠበቁትን አላገኙም። ከዚያ በፊት ማክስዌል በ1865 ባሳተመው ሥራ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች አንዱ ሌላውን እየፈጠረ በባዶ ቦታም ሊጓዝ እንደሚችል በስሌት አሳይቷል። ፍጥነቱን ሲያሰላው ከተለካው የብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመለት። ስለዚህ የሚወዛወዘው መስኩ ራሱ ነው፤ ተሸካሚ ዕቃ አያስፈልገውም። መስክ ሲባል ተማሪዎች ተረት እንዳይመስላቸው እንዲህ ይበሏቸው፦ በዚያ ቦታ አንድ ኤሌክትሮን ብናስቀምጥ ይገፋል። በቀይ ብርሃን ውስጥ ደግሞ በሰከንድ 460 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ራዲዮም ያው ነው። 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያለ የኤፍኤም ጣቢያ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው፤ የቀይ ሌዘር 650 ናኖሜትር ያህል። አንድ ሚሊሜትር ላይ ከ1,500 በላይ የቀይ ብርሃን ሞገዶች ይደረደራሉ። ልዩነቱ የርዝመት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ላብራቶሪው እንምጣ። ሞገድነቱን ለማሳየት የሚያስፈልግዎት ከቁልፍ መያዣ ጋር የሚሸጠው ቀይ ሌዘር፣ አንዲት የራስ ፀጉር እና ነጭ ግድግዳ ነው። መብራት የጠፋበት ምሽት ቢሆን ይመረጣል፤ ያ ደግሞ አይቸግርም። ቀን ከሆነ መስኮቱን በካርቶን ይሸፍኑ።

ከካርቶን ላይ ሁለት ሴንቲሜትር የሚያህል ቀዳዳ ይቁረጡ። ፀጉሯን ቀዳዳው ላይ ወጥረው በሁለቱም ጫፍ በፕላስተር ይለጥፏት። ካርቶኑን ከግድግዳው 3 ሜትር ላይ ያቁሙ። ሌዘሩን ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ደርድረው በላዩ ያስተኙት፤ ቁልፉን በላስቲክ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ተጭኖ እንዲቆይ ያድርጉት። በእጅ ከያዙት ይንቀጠቀጥና ምንም አያዩም። ጨረሩ ፀጉሯን በትክክል እስኪመታ ድረስ ካርቶኑን ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ። ግድግዳው ላይ የነበረችው ቀይ ነጥብ በድንገት ወደ ጎን ትዘረጋለች። ፀጉሯ ቆማ ከሆነ አግድም መስመር ይሆናል። ጠጋ ብለው ሲያዩት መስመሩ የተቆራረጠ ነው፤ መሃሉ ደማቅ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ጨለማ፣ ደማቅ፣ ጨለማ እያለ እየደበዘዘ ይሄዳል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ርካሽ ሌዘሮች ላይ የተጻፈው ኃይል ሁልጊዜ አይታመንም። የልጆቹ ዓይን ከጨረሩ ከፍታ በላይ ይሁን፤ ማንም በጨረሩ አቅጣጫ አይቁም። መስታወትና የሚያብረቀርቅ ነገር ከአካባቢው ይነሳ። አረንጓዴውን ሌዘር ለዚህ አልመክርም።

ከዚያ ማስመሪያ ይያዙና ይለኩ። ከአንዱ ጨለማ እስከ ቀጣዩ ጨለማ ያለው ርቀት 2.8 ሴንቲሜትር ቢሆን የፀጉሯ ውፍረት ስንት ነው? የሞገዱን ርዝመት በግድግዳው ርቀት ያባዙ፤ ለዚያ ለለኩት ያካፍሉ። 650 ናኖሜትር ሲባዛ በ3 ሜትር፣ ሲካፈል ለ0.028 ሜትር፤ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ይመጣል። የሰው ፀጉር ደግሞ በአብዛኛው ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው። በማስመሪያ ብቻ ፀጉር ለኩ ማለት ነው! የእያንዳንዱን ልጅ ፀጉር ቢለኩ ልዩነት ያያሉ። ቀጭኗ ፀጉር ሰፊ ጥለት ነው የምትሰጠው፤ ብዙዎች በተቃራኒው ይጠብቃሉ። መሃሉን ደማቅ ዘለው ግራና ቀኝ ካሉት ጨለማዎች መካከል ብዙዎቹን በአንድ ላይ ለክተው ቢያካፍሉ ስህተቱ ይቀንሳል።

ይህን ቀድሞ ያደረገው ቶማስ ያንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በእርግጥ ሌዘር አልነበረውም። የመስኮት መዝጊያ ላይ በጣም ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ የፀሐይ ጨረር አስገባ። ከጨረሩ መሃል ከ1 ሚሊሜትር የምትቀጥን የካርድ ቁራጭ በጠርዟ አቆመ። በካርዷ ጥላ ውስጥ መስመሮች ታዩት። ቀጥሎ ያደረገው ነው ዋናው። በካርዷ በአንዱ ጎን የሚያልፈውን ብርሃን ጋረደው። በሌላው ጎን ያለው ብርሃን እንዳለ ነው፤ ጥላው ውስጥ የነበሩት መስመሮች ግን ጠፉ። ይህን ለሮያል ሶሳይቲ፣ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ያቀረበው በ1803 ነው። እንግዲህ አንዱን ጎን ሲከፍቱት ብርሃን ተጨምሯል፤ ሆኖም በፊት ብርሃን ይደርስበት የነበረ ቦታ ይጨልማል። ቅንጣት ላይ ቅንጣት ቢጨመር ሊበዛ እንጂ ሊጠፋ አይችልም። መስክ ግን ወደ ላይ ያለው ወደ ታች ካለው ጋር ሲገናኝ ይጣፋል። የኒውተን የቅንጣት ሐሳብ ለዘመናት የተከበረ ስለነበር ያንግን ቶሎ የሰማው አልነበረም፤ ኋላ ላይ ግን ሞገዱ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ። የሚያስቸግረው ቀይ ብርሃን ነው።

ደሴ ውስጥ በፊልም ዘመን ፎቶ ቤት የሠራ ሰው ካገኙ ክፍልዎ ይጋብዙልኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ለምን ቀይ አምፖል ያበሩ እንደነበር ይጠየቅ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚታተምበት ወረቀት በቀይ ብርሃን አይቃጠልም ይሏችኋል። ሥራቸውን በቀይ ብርሃን እያዩ ይጨርሳሉ። በሩ ገርበብ ብሎ ትንሽ የቀን ብርሃን ከገባ ግን ወረቀቱ አለቀለት። ብርሃን እየፈሰሰ የሚጠራቀም ኢነርጂ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀዩም ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ወረቀቱን ማቃጠል ነበረበት። አያደርገውም።

ብረት ላይም ይኸው ነው። የተወለወለ ዚንክ ላይ አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ከሐምራዊ ያለፈ ለዓይን የማይታይ ብርሃን፣ ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ፤ ቀይ ብርሃን የቱንም ያህል ቢደምቅ አንድም አይወጣም። ሌናርድ በ1902 ያገኘው ደግሞ ይበልጥ ግራ ያጋባ ነበር። ብርሃኑን ሲያደምቀው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በቁጥር በዙ፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ግን አልጨመረም። አንስታይን በ1905 ያቀረበው መፍትሔ ይህ ነው፦ ብርሃን ኢነርጂውን የሚሰጠው በሙሉ በሙሉ ድርሻ ነው፤ የአንዱ ድርሻ መጠንም የሚወሰነው በድግግሞሹ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው፤ የቀይ ዝቅ ያለ፣ የአልትራቫዮሌት ከፍ ያለ ነው። ድግግሞሹን ፕላንክ በ1900 ባገኘው ቁጥር፣ ማለትም በ6.626 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ማባዛት ነው። ይህን ድርሻ ነው ዛሬ ፎቶን የምንለው።

ለተማሪዎች እኔ የምነግራቸው የደሴ–ኮምቦልቻን ሚኒባስ ነው። ረዳቱ ሂሳብ የሚቀበለው ከእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ማዋጣት አይፈቅድም እንበል። የታሪፉን ግማሽ የያዙ መቶ ሰዎች መናኸሪያው ቢሰለፉ አንድም አይሳፈርም። እነሱ ቀይ ፎቶኖች ናቸው። ሙሉ ሂሳብ የያዘ አንድ ሰው ቢመጣ ይሳፈራል፤ ተርፎት ከሆነ መልሱን ይዞ ይሄዳል። እሱ አልትራቫዮሌት ነው። መልሱ ኤሌክትሮኑ ይዞት የሚወጣው ፍጥነት ነው። ብርሃን ማድመቅ ማለት ሰልፉን ማስረዘም ነው፤ የማንም ኪስ አይሞላም።

አሜሪካዊው ሚሊካን ይህን የአንስታይን ሐሳብ አላመነበትም ነበር። ስህተት መሆኑን አሳያለሁ ብሎ ለዓመታት ለካ፤ በ1916 ያሳተመው ውጤት ግን የአንስታይንን ቀመር ቁልጭ አድርጎ አረጋገጠ። አንስታይን የ1921ን ኖቤል የተሸለመው በዚህ ሥራ ነው፤ በሬላቲቪቲ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ይህንንም ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ሙስበሃ ያውቃሉ? አረብ ገንዳ አካባቢ አይጠፋም። ካልተገኘ ልጆች ጣሪያ ላይ የሚለጥፉት ኮከብም ይሆናል። አንድ ሌሊት በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያሳድሩት፤ ያለፈው ብርሃኑ ይውጣለት። በነጋታው ጨለማ ክፍል ውስጥ አውጥተው ቀዩን ሌዘር አንዷ ፍሬ ላይ ለደቂቃዎች ያብሩባት። ሌዘሩን ሲያነሱት ምንም የለም። ከዚያ ከባለሱቅ የሐሰተኛ ብር መለያውን መብራት ይዋሱ። በሌላዋ ፍሬ ላይ ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ያድርጉት፤ አረንጓዴ ሆና ትቀራለች። «ሌዘሩ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ሁለተኛ ሌዘር ጨምሩበት በሉት። የቀዩ አንድ ፎቶን 1.9 ኤሌክትሮን ቮልት (የትንንሽ ኢነርጂ መለኪያ ነው) ነው የያዘው። የብር መለያው ግን ከ3 በላይ። አረንጓዴ ብርሃን ለማውጣት የሚፈለገው ከ2.3 አካባቢ ስለማያንስ የቀዩ አይበቃም።

በነገራችን ላይ ደሴ እየበረደ ፊት የሚያቃጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቆዳን የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን በአንድ ፎቶን ውስጥ ያለው ኢነርጂ ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡ ይሞቅዎታል እንጂ የፀሐይ ቃጠሎ አያገኝዎትም። አልትራቫዮሌት ደግሞ ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። እናንተ ጦሳ ሥር፣ እኛ ሐረጎን ወርደን፤ ብርዱን ትታችሁ ፀሐዩን ፍሩ።

እንግዲህ ሁለት ነገር በእጃችን አለ። ፀጉሯ ብርሃን በሁለቱም ጎን አልፎ የሚጣፋ ሞገድ ነው ትላለች። ሙስበሃው በሙሉ ድርሻ ነው የሚቀበለው ይላል። የሁለተኛው ተማሪ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ብርሃኑን እጅግ ብናደክመው፣ ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ቢመጡስ? ፀጉሯ የሠራችው ጥለት ፎቶኖቹ እርስ በርስ ስለተጋጩ ይሆን?

ይህ ተገቢ ጥርጣሬ ነው። 1 ሚሊዋት የሚያህል ቀይ ሌዘር በሰከንድ 3.3 × 10¹⁵ ፎቶን ያወጣል። ብርሃን 3 ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት የሰከንድ መቶ ሚሊዮንኛ ነው። በየትኛውም ቅጽበት በሌዘሩና በግድግዳው መካከል 33 ሚሊዮን ያህል ፎቶን አየር ላይ አለ ማለት ነው። ግርግር ነው።

ግርግሩን ያጠፋው ጄፍሪ ቴይለር ነው። በ1909 ካምብሪጅ ውስጥ ገና ወጣት ነበር። በፀጉር ፋንታ መርፌ፣ በሌዘር ፋንታ የጋዝ ነበልባል፣ በግድግዳ ፋንታ የፎቶ ሰሌዳ ተጠቀመ። ከነበልባሉ ፊት በጭስ የጠቆረ ብርጭቆ ደራርቦ ብርሃኑን አደከመው። ደካማው ብርሃን ከአንድ ማይል በላይ ርቆ ከሚነድ ሻማ የሚመጣውን ያህል ነበር። ሰሌዳው ላይ ምስል እንዲወጣ 2,000 ሰዓት ያህል፣ ሦስት ወር ገደማ መጠበቅ አስፈለገ። በዛሬ ስሌት በሳጥኑ ውስጥ በአንድ ጊዜ በአማካይ ከአንድ ፎቶን በታች ነበር። ሰሌዳው ሲታጠብ በመርፌዋ ጥላ ዙሪያ ያሉት መስመሮች በጠንካራ ብርሃን ከተነሡት ምንም አልተለዩም። እርስ በርስ የሚጋጭ ፎቶን በሌለበት ጥለቱ ወጣ።

ጥብቅ የሆነ ሰው ግን «ደካማ ብርሃን ማለት አንድ ፎቶን ማለት አይደለም፤ አልፎ አልፎ ሁለት ተያይዘው ሊመጡ ይችላሉ» ይላል። ልክ ነው። የመጨረሻው መልስ የመጣው በ1986 ፈረንሳይ፣ ኦርሴ ላይ ነው። ግራንዢዬ፣ ሮዤ እና አስፔ የካልሲየም አተሞችን ተጠቀሙ። አተሙ ሁለት ፎቶኖች ተከታትለው እንዲያወጣ ይደረጋል። የመጀመሪያው ሲደርስ «ጓደኛዬ እየመጣ ነው» ብሎ ያስታውቃል። ስለዚህ ሁለተኛው ብቻውን መሆኑ የታወቀ ነው። ያንን ፎቶን ግማሹን አሳልፎ ግማሹን ወደሚመልስ መስታወት ላኩት። በሁለቱ መውጫዎች ሁለት መቁጠሪያ ቆመዋል። ፎቶኑ ለሁለት የሚከፈል ቢሆን ሁለቱም በአንድ ጊዜ መቁጠር ነበረባቸው። አልሆነም። ወይ ይኼኛው ይቆጥራል ወይ ያኛው፤ አንድ ላይ የሚቆጥሩበት ጊዜ ከሞላ ጎደል የለም። ግማሽ ፎቶን ያየ የለም።

ከዚያ መቁጠሪያዎቹን አነሡና ሁለቱን መንገዶች በመስታወት አዙረው አገናኟቸው። ፎቶኖቹ እንደ በፊቱ አንድ በአንድ ነው የሚመጡት። አንዱን መንገድ በጥቂቱ ሲያስረዝሙት በመጨረሻ የሚቆጠረው ቁጥር ከፍ ዝቅ አለ፤ ልክ እንደ ፀጉሯ ደማቅና ጨለማ። ፎቶኑ በአንዱ መንገድ ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ የሌላኛው ርዝመት ምን ገዶት? ይሄ ነው እንቆቅልሹ፤ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው ሙከራ አላውቅም።

ስለዚህ ለልጁ የምንለው ይህ ነው። ፎቶን አይከፈልም። መስኩ ግን በሁለቱም በኩል ያልፋል። በሁለቱም በኩል ያለፈው መስክ ግድግዳው ላይ ሲገናኝ ይደመራል፤ ድምሩን በራሱ ስናባዛው በዚያ ቦታ ፎቶን የመቆጠሩን ዕድል ይሰጠናል። ድምሩ ዜሮ የሆነበት ቦታ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ ጨለማ ነው። ድምሩ የበረታበት ቦታ ብዙ ይቆጠራል። አንዱ ፎቶን የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የሚያውቅ ቀመር የለም። እጅግ ንቁ የሆነ ካሜራ ላይ ብናየው በመጀመሪያ እዚህም እዚያም የተዘራ ነጥብ ነው፤ ምንም ቅርጽ የለውም። ነጥቡ ሺዎች ሲገባ መስመሮቹ ብቅ ይላሉ።

«እሺ፣ ግን በየትኛው አለፈ?» ብሎ የሚሟገት አለ። መንገዱን የሚመዘግብ ነገር ካላስቀመጥን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሙከራ የለም። ካስቀመጥን መልሱን እናገኛለን፤ ጥለቱ ግን ይጠፋል። እዚህ ላይ ዩቲዩብ ላይ የሚዞረውን ወሬ ተጠንቀቁ። «የሰው አእምሮ ሲያየው ባሕርይው ይለወጣል» የሚሉት ነገር አለ። ማየት የተባለው መንካት ነው። አንድ አተም እንኳ መንገዱን ከመዘገበ ጥለቱ ይጠፋል፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

«ሲጓዝ ሞገድ፣ ሲያርፍ ቅንጣት» የምንለውን አባባል ለመጀመሪያ መያዣነት አልጠላውም። እኔም እጠቀምበታለሁ። ጉዳቱ ብርሃኑ መንገድ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለወጥ ማስመሰሉ ነው። የሚለወጥ ነገር የለም። ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ መስክ ነው፤ ኢነርጂውን ሲሰጥም ሲቀበልም በሙሉ ቁጥር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አንድ ተኩል የለም። ዲራክ በ1927 ሒሳቡን በዚህ መልክ አስቀምጦታል። በዚያው ዓመት ዴቪሰንና ገርመር ኤሌክትሮንም እንዲሁ ጥለት እንደሚሠራ አሳዩ፤ ብርሃን ብቻውን ጉደኛ አይደለም። ራዲዮ ላይ ፎቶን የማይታየንም ድርሻው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው። የ100 ሜጋኸርዝ አንድ ፎቶን ከቀዩ ሌዘር ፎቶን 4.6 ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል፤ አንቴናው ላይ የሚደርሰው ብዛት ቆጠራውን ይውጠዋል።

ለፈተና ይህ ሁሉ አይጠየቅም። «የትኛው ሙከራ ሞገድነቱን ያሳያል» ሲባል ጥለት የሚሠራውን፣ «የትኛው ፎቶንነቱን» ሲባል ፎቶኤሌክትሪክን (ብርሃን ከብረት ኤሌክትሮን የሚያወጣበትን) እና የኮምፕተን ሙከራን (ኤክስሬይ ኤሌክትሮን ገጭቶ ኢነርጂ የሚያጣበትን) ቢመርጡ በቂ ነው። ስሌቱን ለማፍጠን 1,240ን በናኖሜትር ለተሰጠው የሞገድ ርዝመት ያካፍሉ፤ የአንዱ ፎቶን ኢነርጂ በኤሌክትሮን ቮልት ይመጣላቸዋል። 1,240 ለ650 ሲካፈል 1.9። ብዙ የዜሮ ድርድር ያድናቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያችው ልጅ «ፎቶን ራሱ ስንት ያህላል?» ማለቷ አይቀርም። 650 ናኖሜትር የምትል ኳስ አድርገው እንዳይነግሯት። የሞገዱ ርዝመት በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለው ርቀት እንጂ የፎቶን ወገብ አይደለም። እንጦጦ ላይ ያሉትን ሁለት ቴሌስኮፖች ይውሰዱ። መስታወታቸው 1 ሜትር ስፋት አለው። ሰፊ መስታወት ከጠባቡ ይልቅ ሁለት የተጠጋጉ ኮከቦችን ለይቶ ማሳየት የሚችለው፣ ከኮከቡ የሚመጣው የእያንዳንዱ ፎቶን መስክ ሜትሩን በሙሉ ስለሚሸፍነው ነው። ያው ፎቶን ካሜራው ላይ ሲቆጠር ግን በጥቂት ማይክሮሜትር ስፋት ባላት አንዲት ፒክስል ውስጥ ነው። ስፋቱ የሚወሰነው በምን እንዳሳለፍነውና በምን እንደቆጠርነው ነው ይበሏት፤ ቁጥር ከፈለገች የመሣሪያውን ስም ትጥራ።